ማህተሙ ያለው ቀበሌ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጥቅምት 15፣ የሠራዊት ቀን፣ በመጣ ቁጥር የሚወጡትን ፎቶዎች አያለሁ። አንድ የወረዳ ኃላፊ በግራ እጁ የምስክር ወረቀት ይዞ በቀኙ ነጠላ ያጣፉ የወታደር እናት ይጨብጣል። ከኋላቸው ባነር ተሰቅሏል። ኃላፊው ካሜራውን ያያል፣ እናትየው ደግሞ መሬት መሬቱን። በዚህ ቅሬታ የለኝም። እናት ብትከበር፣ ሰንጋ ታርዶ ሠፈሩ ቢበላ ደስ ይለኛል እንጂ ምን ይከፋኛል። የኔ ጥያቄ ስለ ጥቅምት 16 ነው። እኚሁ እናት በማግስቱ ጉዳይ ይዘው ወደዚያው ቢሮ ቢሄዱ ማን ተነስቶ ይቀበላቸዋል?

መልሱን አውቀዋለሁ፣ ምክንያቱም ከመስኮቴ ይታየኛል። ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ላሚኔት አደርጋለሁ። ሱቄ ከአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ነው። የት ከተማ እንደሆነ አልናገርም፣ ነገ ከነሱ ጋር ቡና እጠጣለሁና።

ከዚያ በፊት ወታደር ነበርኩ። በ1991 ገባሁ። መገናኛ ነበርኩ፣ ማለትም ከጠመንጃዬ ይልቅ ጀርባዬ ላይ ያለው ራዲዮ ሲከብደኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት ካበቃ በኋላ ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ወታደር ሲሰናበት እኔም በ1994 ሃምሳ አለቃ ሆኜ ወጣሁ። በመቋቋሚያ ገንዘቤ መጀመሪያ በግ ገዛሁ፣ በጎቹ አለቁ። በተረፈው የጽሕፈት መኪና ገዛሁ። እሷ ናት እዚህ ያደረሰችኝ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው መጋቢት አንዲት እናት ሱቄ ገቡ። ፌስታል ይዘዋል፣ ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ፣ እሱ ውስጥ ደግሞ በሻሽ የተጠቀለለ ወረቀት። ሻሹን ሲፈቱት ጊዜ ወሰደባቸው፣ ቋጠሮው ጠንክሮ ነበር። ልጃቸው ወታደር ነበር፣ መርዶው ከመጣ ዓመት አልፎታል። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩልኝ። ከጦር ክፍሉ የመጣ ደብዳቤ። የልጁ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ፣ ጠርዙ የተላጠ። የስምንተኛ ክፍል ካርድ። የሳቸው መታወቂያ። ልጃቸው ወታደር ልብስ ለብሶ የተነሳው ፎቶ፣ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ "ለእማዬ" ተብሎ ተጽፎበታል። ፎቶውን ኮፒ እንዳደርግላቸው ፈለጉ። ማን እንደጠየቃቸው ስጠይቃቸው "ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ቢያዩት ይሻላል ብዬ ነው" አሉኝ።

ከቀበሌው የሚፈልጉት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ልጁ የሳቸው ልጅ እንደሆነና እሳቸውንም ይጦር የነበረው እሱ እንደሆነ የሚያረጋግጥ። ለዚህ አራት ጊዜ ተመላልሰዋል። መጀመሪያ የሄዱ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባሉ። ሁለተኛ ቀን ሲስተም የለም። ሦስተኛ ቀን ኃላፊውም ሲስተሙም ነበሩ፣ ግን "ማዘር፣ መከላከያ የፌዴራል ነው፣ እዚያው ይጠይቁ" ተባሉ። አራተኛው ቀን ሻል ያለ ልጅ አገኙና ወረቀታቸውን አገላበጠላቸው። ከዚያ ምን አገኘ? ከክፍሉ የመጣው ደብዳቤ ላይ የአያት ስም "ኃይሉ" ይላል፣ የቀበሌው መታወቂያ ላይ "ሃይሉ" ይላል። ስሙ ስለማይመሳሰል ከፍርድ ቤት የስም ማስተካከያ ያምጡ አላቸው።

አዘጋጅ ሆይ፣ እናንተ የፊደል ሰዎች ስለሆናችሁ ይህ ነገር ይገባችኋል። ብዙኃኑ ኀ እና ሃሌታው ሀ። የቅኔ መምህር ቢጣላበት አንድ ነገር ነው። ነገር ግን መታወቂያውን "ሃይሉ" ብሎ የጻፈው እኮ ራሱ ቀበሌው ነው! ልጁ አልጻፈው፣ እናትየው ማንበብ አይችሉ። ቀበሌው በገዛ እጁ የጻፈውን ፊደል ሟች ላይ አላከከ።

እኔ ያን ቀን አላበድኩም ብል ውሸት ነው። መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ። የቀበሌው ልጅ ጥሩ ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ ኮፒ ወረቀት ሲያልቅባቸው ከኔ ነው የሚበደረው። ቁጣዬን ሰምቶ ሲያበቃ ያለኝ ነገር ግን እስካሁን ይከነክነኛል። "ጋሼ፣ እኔ ብፈርም ነገ ኦዲት የሚጠየቀው ማነው? ለወታደር ቤተሰብ እንዲህ አድርግ የሚል መመሪያ አሳየኝና አሁኑኑ ልፈርም" አለኝ። አፌን ዘጋሁ፣ ምክንያቱም የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም።

ደብዳቤውን የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው። ልጁን ለመክሰስ አይደለም። በየአዳራሹ ስለ ሠራዊቱ የሚጨበጨበው ጭብጨባ ወርዶ ወርዶ እዚያ ልጅ ጠረጴዛ ላይ አንድ ገጽ መመሪያ ሆኖ አለመድረሱ ነው የሚያናድደኝ።

"የፌዴራል ነው" የሚለውን ነገር ደግሞ ልናገርበት። እውነት ነው፣ መከላከያ የፌዴራል ነው፣ የጡረታው ገንዘብም እንደዚያው። ሕጉ ለሟች የትዳር ጓደኛ የጡረታውን 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ይላል። ወላጆችም ሟቹ ይጦራቸው እንደነበር ካስረዱ ድርሻ አላቸው። ጥሩ ሕግ ነው። አሁን እስቲ እንቁጠር። ሚስት መሆኗን ማን ይመሰክራል? ቀበሌ። ልጁ የሱ መሆኑን፣ ዕድሜውንም? ቀበሌ። ወላጆች በልጃቸው ይጦሩ እንደነበርስ? አሁንም ቀበሌ። ፍርድ ቤት ወራሽነት ለማረጋገጥ ሲሄዱ እንኳ መጀመሪያ የሚጠየቁት ከቀበሌ ደብዳቤ ነው። ገንዘቡ አዲስ አበባ ነው፣ ማህተሙ ግን እዚህ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። መሳቢያው ካልተከፈተ ያ ሁሉ በመቶኛ ወረቀት ላይ ይቀራል።

በዚያ ላይ ወሳኝ ኩነት፣ ማለትም ልደት፣ ጋብቻና ሞት፣ በአገር ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ነው። ከዚያ በፊት ያገባ ወታደር ሠርጉ በዳስ፣ ምስክሩ ሽማግሌ ነው። ዳሱ ፈርሷል፣ ሽማግሌዎቹም ግማሾቹ አልፈዋል። ሚስቲቱ የጋብቻ ሰርተፍኬት አምጪ ስትባል ምን ታምጣ? እንዲህ ያለችውን ሴት የሚያውቃት ጎረቤቷና ዕድሯ ነው። ቀበሌ ደግሞ ከጎረቤትና ከዕድር በላይ ሕዝቡን ካላወቀ ለምን ቀበሌ ተባለ?

ሌላ አገር እንዴት ነው ብዬ ልጄን በስልኩ አስፈለግኩት። አሜሪካን ስናይ የወታደር ጡረታና ሕክምና እዚያም የፌዴራሉ ጉዳይ ነው። ግን በብዙ ካውንቲ፣ ካውንቲ ማለት ወደ ወረዳ የሚጠጋ ነገር ነው፣ የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ ብቻ የሚከታተል ሠራተኛ በካውንቲው ደመወዝ ተቀጥሮ ይቀመጣል። ገንዘብ አያድልም። ፎርም ይሞላል፣ የጎደለ ማስረጃ ያፈላልጋል፣ ፌዴራሉ ጋ ይደውላል። በነፃ። እንግሊዞቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ የአካባቢ አስተዳደሮቻቸው በቤት፣ በትምህርትና በጤና ጉዳይ ሲወስኑ የወታደሩንና የቤተሰቡን ሁኔታ ከግምት እንዲያስገቡ በሕግ አስገድደዋል። ሀብታም አገሮች ናቸው ትሉኝ ይሆናል። ፎርም ለመሙላት ምን ሀብት ያስፈልጋል? እኔ ነኝ እኮ ያንን ሥራ እዚህ የምሠራው፣ ያውም በአሮጌ ፕሪንተር።

ከሁሉም ያሳፈረኝ ግን የኮሪያው ነው። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾችን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ከ1943 ጀምሮ 6,037 ወታደር ወደ ኮሪያ ጦርነት ሄደ፣ ከ120 በላይ ሞተ፣ አንድም አልተማረከም እያልን እንኮራለን። እሺ፣ ኮራን። ኮሪያ ውስጥ ቹንቾን የምትባል ከተማ አለች። ለነዚያ ኢትዮጵያውያን የመታሰቢያ ሐውልት ያቆመችው በ1960 ነው፣ ጃንሆይ በተገኙበት። በኋላም ጣሪያው እንደኛ ጎጆ ሆኖ ሦስት ጫፍ ያለው የመታሰቢያ አዳራሽ ጨመረች። በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ መንገድም አላት። ከዚያው አካባቢ ደግሞ ህዋቾን የምትባል ትንሽ የአውራጃ አስተዳደር አለች፣ ከሰሜን ኮሪያ ድንበር ጥግ። ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች የትምህርት ድጋፍ ስትሰጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። ልብ በሉ፣ ስለ ኮሪያ መንግሥት አይደለም የማወራው፣ ስለ አንዲት የገጠር አስተዳደር ነው። ሰዎቹ የአንድን ኢትዮጵያዊ ወታደር የልጅ ልጅ ስም መዝግበው ይዘዋል። የኔ ቀበሌ የራሱን ሠፈር ወታደር እናት "ስሙ አይመሳሰልም" ይላል።

እኛም ስንፈልግ እንችልበታለን። በ1969 የእናት አገር ጥሪ ሲመጣ አጎቴ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ፣ እኔ ገና አልተወለድኩም። እናቴ ስታወራው የገበሬው ማኅበር በሬ ጠምዶ መጥቶ የአጎቴን መሬት አረሰ፣ ዘራ፣ አረመ። ሊቀመንበሩ አስቀድሞ የራሱን ማሳ በነዚያው በሬዎች አሳርሷል፣ ያንንም አትረሳም፣ እያሳቀች ነው የምታወራው። ደርግን ላወድስ አይደለም፣ ያ ጊዜ ለስንቱ ቤት መከራ እንደነበር አውቃለሁ። ግን የዘማች ቤተሰብ የሚባል ዝርዝር በእያንዳንዱ ገበሬ ማኅበር እጅ ነበር። ማን ሄደ፣ ማን ቀረ፣ የማን ማሳ ጦም ያድራል የሚለው ይታወቅ ነበር።

ቅርቡንም እናስታውስ። በ2014 ኅዳር መጨረሻ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪዎች የዘማች ቤተሰብ ሰብል እንዲሰበስቡ ተደርጎ ነበር። የኔም ልጅ ሄዷል። ማጭድ ይዞ የማያውቅ ልጅ እጁ ተሰነጣጥቆ መጣ፣ ኩራቱ ግን ሌላ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ያቺ ያጨዱላት ሴት ማሳዋን ማን አጨደላት ብዬ ብጠይቀው አያውቅም። እኔም አላውቅም፣ ወረዳውም የሚያውቅ አይመስለኝም። ዘመቻ ሲሆን ሁላችንም አለን። ዘመቻው ካለቀ ዝርዝሩም አብሮ ይጠፋል።

ዝርዝር ከሌለ ምን እንደሚመጣ ደግሞ በ1983 አይተናል። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የደርግ ሠራዊት ተበተነ። ከሰሜን በእግሩ የመጣ አለ፣ በሱዳን ዞሮ የገባ አለ። ኮሚሽን ተቋቁሞ ብዙውን መዝግቦ ወደየአገሩ ሸኘ፣ ገጠር ከገባው በሬና ዘር ያገኘም አለ። ግን የወታደር ካፖርት ለብሶ መንገድ ዳር እጁን የዘረጋውን ሰው በልጅነቴ አይቻለሁ። ሠፈራችን ውስጥ ዛሬም አንድ የዚያ ዘመን ሰው አሉ። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም። በኔና በሳቸው መሀል አንድ መንግሥት አለ፣ እሳቸው ሲወጡ ያባረራቸው ወገን ነው እኔን በኋላ የቀጠረኝ። ይህንን አንዳንዴ እያነሳን እንስቃለን። ለጉዳይ ስንሄድ ግን የምንሰለፈው አንድ ሰልፍ ላይ ነው፣ የምንባለውም አንድ ነው፣ "ነገ ተመለሱ"።

አሁንም የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽኑ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዶ ከ2017 ጀምሮ ሥራ ገብቷል። በጎ ነው። ሰውየው ካምፕ ውስጥ ሥልጠና ወስዶ ወረቀቱን ተቀብሎ ወጣ እንበል። የት ነው የሚሄደው? ቀበሌ ነው! መታወቂያ አጥቶ፣ አንዳንዱም ቤቱ ፈርሶ፣ ሚስቱ ሌላ አግብታ። ኮሚሽኑ ካምፑ በር ላይ ያስረክበዋል። ተረካቢው ማነው?

እንግዲህ ምን ይደረግ ትሉኝ ይሆናል። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚሄድ አላጣሁትም፣ ተራራ ግፉ አልልም። መጀመሪያ መዝገብ። አንድ ደብተር። በቀበሌያችን ወታደር ያለበት፣ ወታደር የሞተበት፣ ከወታደርነት የተመለሰ ሰው ያለበት ቤት የትኛው ነው? ዛሬ ሄዳችሁ ብትጠይቁ የሚመልስላችሁ የለም። የምልመላ ጊዜ ሲሆን ግን የእያንዳንዱ ቤት ወጣት ስንት ክፍል እንደደረሰ ሁሉ ይታወቃል።

ከዚያ አንድ ሰው። አዲስ ቅጥር አይደለም፣ ካሉት ውስጥ "ይህ ጉዳይ ያንተ ነው" የሚባል አንድ ሰው። ስልክ ቁጥሩ በር ላይ ይለጠፍ። ወደ ጡረታ ቢሮው ወይም ወደ ክፍሉ የሚጻፈውን ደብዳቤ እሱ ይጻፍ፣ መልሱንም እሱ ይከታተል። ከፎቶው ጀርባ "ለእማዬ" የተባለችው እናት ከቢሮ ቢሮ አይዙሩ፣ ደብዳቤው ይዙር። በፊደል ልዩነት ለሚመጣ ጣጣ ደግሞ ሦስት ምስክር አስፈርሞ ቃለ ጉባኤ መያዝ ይበቃል፣ ለሌላ ነገር ሲሆን እንዲህ እየተደረገ አይደለም እንዴ?

የጤና መድኑንም እዩት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ላይ መክፈል የማይችሉ ተብለው የሚመዘገቡ ቤቶች አሉ፣ መዋጮአቸውን ክልልና ወረዳ ይሸፍናል። ዝርዝሩን የሚያወጣው ማነው? ቀበሌ። ጡረታው እስኪፈቀድ ጊዜ ይፈጃል፣ በዚያ መሀል የሟች ልጆች ቢታመሙ በምን ይታከሙ? እነዚህን ቤቶች እዚያ ዝርዝር ውስጥ ለማስገባት ፓርላማ አዋጅ ማውጣት የለበትም። ምልክት ማድረግ ነው፣ በእስክሪብቶ።

የተመለሰውስ ወታደር? አሥር ዓመት ከባድ መኪና የነዳ፣ ጄኔሬተር የጠገነ፣ ቁስል ያሰረ ልጅ አውቃለሁ። ሥራ ዕድል ፈጠራ ቢሮ ሲሄድ "ሙያህ ምንድነው?" ይሉታል። "ወታደር" ይላል። "ሙያ የሌለው" ብለው ይጽፉታል። የወረዳው ቴክኒክና ሙያ ለነዚህ ልጆች ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ፈተና፣ ቢያስፈትናቸው፣ የሚያውቁትን ወረቀት ላይ ቢያወጣላቸው እኮ አብዛኞቹ የማንንም እርዳታ አይፈልጉም። ወታደር መለመን አይወድም። እኔ ራሴ በጎቼ ሲያልቁ ለዘመድ እንኳ አልተናገርኩም።

ሚሊሻውን ደግሞ ረስቼው ልጨርስ ነበር፣ ሁሉም እንደሚረሳው። ሚሊሻ የቀበሌው የራሱ ሰው ነው። ሌሊት የሚጠብቀው ይህንኑ ቀበሌ ነው፣ ሲጠራም የሚወጣው ከዚሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንደ መደበኛው ወታደር የጡረታ ቁጥር የለውም። እሱ ሲወድቅ "የፌዴራል ነው" የምትለዋ መሸሸጊያ እንኳ የለችም። አንድ የማውቀው ሚሊሻ ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ ቀበሌው የሐዘን መግለጫ ላከ። መግለጫውን የተየብኩት እኔ ነኝ። ጥሩ አማርኛ ነበር። ባለቤቱ ከሦስት ወር በኋላ ጠላ መጥመቅ ጀመረች።

ስለ ጭንቅላት ነገር ብዙ አልልም፣ ብዙ ሰው አይወደውም። አንድ ነገር ብቻ። ባለፈው እንቁጣጣሽ ዋዜማ ሠፈር ውስጥ ርችት ተተኮሰ። ጎረቤቴ ያለ ገና የተመለሰ ልጅ ከቤቱ ባዶ እግሩን ወጥቶ የውሃ ቦይ ውስጥ ተኛ። ልጆቹ ሳቁበት። እኔ ወርጄ አጠገቡ ቁጭ አልኩ፣ ምንም አላወራንም፣ ርችቱ እስኪያልቅ ቆየን። በማግስቱ ሁለታችንም እንዳልተደረገ ሆንን። ያቺ ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ክትባት ትጠይቃለች። አንድ ጥያቄ ቢጨመርላት ምን አለበት፣ "እንቅልፍ ይወስድሃል?" የምትል።

አንድ ወዳጄ ይህንን ደብዳቤ አነበብኩለትና "ድሃው ሁሉ እኮ ነው የሚጉላላው፣ የወታደር እናት ምን የተለየ ነገር አላት?" አለኝ። ልክ ነው፣ ሁሉም ይጉላላል፣ ከመስኮቴ አያለሁ። የመሬት ጉዳይ ያለውም፣ የመብራት ቆጣሪ የሚፈልገውም። እኔ ግን የምለው ልጁን ስትወስድ ቤቱ ድረስ መጥተህ ነው፣ ወረቀቱን ስትሰጥ ለምን በሩ ላይ ታቆመኛለህ ነው። ደግሞም ወታደሩ ራሱ መጥቶ ተሰልፎ መከራከር አይችልም። ምሽግ ላይ ነው፣ ወይ ሆስፒታል ነው፣ ወይ አፈር ውስጥ ነው። ሌላው ሰው ቢያንስ በራሱ እግር መጥቶ ይጮሃል። ወዳጄ "እሱስ ልክ ነህ" አለኝና ወዲያው "ግን ደግሞ ነገ ሁሉም የወታደር ቤተሰብ ነኝ ብሎ ቢመጣስ?" አለ። ይመጣል፣ አጭበርባሪ የት ጠፍቶ። ለዚህም እኮ ነው መዝገብ ይኑር ያልኩት።

ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ለወረዳው አመልክቻለሁ፣ አንዴ በጽሑፍ፣ አንዴ ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ። የጽሑፉ ገቢ ቁጥር አለኝ፣ መልስ የለኝም። ስብሰባው ላይ ደግሞ "ጥሩ አስተያየት ነው፣ ይያዝ" ተባለ። የያዘው ማን እንደሆነ እስካሁን እየፈለግኩ ነው። ስለዚህ እናንተ ጋ ጻፍኩ። ጋዜጣችሁን ወረዳው ኮንትራት ገብቶ ይወስዳል፣ አንዳንዴ ቀበሌውም ጠረጴዛ ላይ አየዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ ሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት።

ስለ እናትየው ልጨርስ። ፍርድ ቤቱ የስም ማስተካከያውን ለማየት ለሰኔ ቀጠረ። ሰኔ ላይ ዳኛው ፈቃድ ወጥተው ተላለፈ። በመጨረሻ ተፈቀደላቸው። አንዲት ፊደል ለማስተካከል አምስት ወር ሄደ። አሁን ውሳኔውን ይዘው ለቀበሌው ደብዳቤ ይገባሉ። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱቄ ይመጣሉ፣ አብሬያቸው እሻገራለሁ። ያንን ጥሩ ልጅ ጠይቄዋለሁ፣ ሐሙስ ስብሰባ የለም ብሎኛል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የቀድሞ ሃምሳ አለቃ፣ የዛሬ ራፖር ጸሐፊ